ክሮስማግሌንን ሻምፒዮን ያደረገው ጦር ሰፈሩ አይደለም

ስለ ክሮስማግሌን ሬንጀርስ የሚተረክልን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሄሊኮፕተር ይነሳል። በሰሜን አየርላንድ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ድንበር አፍንጫ ሥር ባለች አነስተኛ ከተማ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ የእንግሊዝ ጦር ሄሊኮፕተር በሜዳው አናት ላይ ዝቅ ብሎ ያልፍና ከአጥሩ ወዲያ ባለው ጦር ሰፈር ያርፋል፤ ጨዋታው ይቋረጣል፤ ነፋሱ ጋብ ሲል ይቀጥላል። ከዚያ ተራኪው ወደ 1997 ይዘልና (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዚያው ሜዳ ልጆች ደብሊን ላይ የመላው አየርላንድን የክለቦች ዋንጫ ሲያነሱ ያሳየናል። የቀረውን አንባቢ ራሱ ይጨርሰዋል፦ ግፍ ጀግና ወለደ፣ ጦር ሰፈሩ ቡድኑን ሠራው። እኔ በዚህ አልስማማም። ክሮስማግሌን ታላቅ የሆነው በጦር ሰፈሩ ምክንያት ሳይሆን ጦር ሰፈሩ እያለም ነው።

ይህን አተራረክ የሚወዱት የውጭ ጋዜጠኞች ብቻ አይደሉም። እኛም ጋ ሯጭ ባሸነፈ ቁጥር በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ድህነቱን ከአሰልጣኙ በላይ እናመሰግነዋለን። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ሥራውን የሠራውን ሰው ከታሪኩ ያወጣዋል፤ በዳዩን ደግሞ ሳይታሰብ ባለውለታ ያደርገዋል።

ማልያውን የሚሰጠው አጥቢያው ነው

ክለብ ሲባል አርሰናል ወይም ቼልሲ የሚታየው አንባቢ እዚህ ላይ ሐሳቡን መቀየር አለበት። የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው ኖቬምበር 1 ቀን 1884፣ በቲፐራሪ አውራጃ በተርልስ ከተማ፣ ሄይስ በተባለ ሆቴል ውስጥ ነው። ማይክል ኩሳክና ጥቂት ባልደረቦቹ የተሰበሰቡት ሀርሊንግንና የጌሊክ እግር ኳስን የመሳሰሉ ያገር ጨዋታዎች በእንግሊዝ ስፖርቶች ተውጠው እንዳይጠፉ ለማድረግ ነበር። በጌሊክ እግር ኳስ በየወገኑ 15 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ኳሱ በእጅም በእግርም ይሄዳል። ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ የገባ ጎል ነው፣ ሦስት ነጥብ ያስገኛል፤ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለፈ ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ሕግ፣ አንድ ነጥብ ነው። ውጤቱ ሲጻፍ ጎልና ነጥብ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ 0-9 ማለት ያለ ጎል ዘጠኝ ነጥብ ነው።

ለክርክራችን ዋናው ግን ሕጉ ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው። ተጫዋች ደመወዝ አይከፈለውም። እሑድ በሰማንያ ሺህ ሰው ፊት የተጫወተ ሰው ሰኞ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ግንባታ ቦታው ወይም ወደ እርሻው ይሄዳል። የሚጫወተውም ተወልዶ ላደገበት አጥቢያ ነው። ሥራና ኑሮ ወደ ሌላ ከተማ የወሰደው ሰው ክለብ ሊቀይር ይችላል፤ አንድ ክለብ ግን ገንዘብ ይዞ ወጥቶ አጥቂ ገዝቶ አይመጣም። ጎበዝ ግብ ጠባቂ ከሌለህ መፍትሔው አንድ ነው፤ ከሰፈርህ ሕፃናት መካከል አንዱን መርጠህ አሥር ዓመት ታስተምረዋለህ። ማኅበሩ ከ2,200 በላይ ክለቦች አሉት፤ ሁሉም የሚተዳደሩት በዚህ ሥርዓት ነው። የአውራጃው ቡድንም ቢሆን የሚለቀመው ከእነዚህ ክለቦች ስለሆነ፣ የክለብ ድካም ፍሬው ዞሮ ዞሮ ለአውራጃው ይተርፋል።

ክሮስማግሌን የመነሻ ዘመኑን ከ1887 ይቆጥራል። ማልያው ጥቁርና ወርቃማ ነው። በአርማህ አውራጃ ከአርባ በላይ ዋንጫ ሰብስቧል፤ ማንም አይስተካከለውም። ሜዳው የቅዱስ ኦሊቨር ፕላንኬት ስም አለው፤ ፕላንኬት በ1681 ለንደን ላይ በስቅላት የተገደለው የአርማህ ሊቀ ጳጳስ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በገደለው ሰው ስም የተሰየመ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ሰፈር ጋር አጥር ሊጋራ መቻሉ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አጋነነ የሚባልበት ነገር ነው።

ሜዳው የተነካበት ዘመን

ጦር ሰፈሩን ማቃለል አልፈልግም። የእንግሊዝ ጦር በ1969 ወደ ሰሜን አየርላንድ ጎዳናዎች ከወጣ በኋላ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የክሮስማግሌን ፖሊስ ጣቢያ እየሰፋና እየተገነባ ምሽግ ሆነ። ሲሰፋ የተስፋፋው ወደ ክለቡ ይዞታ ነው። የሜዳው ዙሪያ መሬት ተወሰደ፤ መግቢያው ተጨናነቀ፤ ከግንቡ በላይ የመጠበቂያ ማማ ቆመ፤ ኳስ ተመልካቹ በወታደር መነጽር ሥር ተቀምጦ ማየት ልማዱ ሆነ። ሄሊኮፕተሩም ከልማድ የመጣ ትዕቢት ብቻ አልነበረም። በደቡብ አርማህ መንገዶች ላይ ፈንጂ ስለሚጠመድ ጦሩ ስንቁንም፣ ወታደሩንም፣ ቆሻሻውን ጭምር የሚያመላልሰው በአየር ነበር፤ በዚህም የተነሳ አቅራቢያው ያለው የቤስብሩክ ማረፊያ በአውሮፓ እጅግ ከተጨናነቁት የሄሊኮፕተር ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ ነበር።

ነገሩ ሁለት ገጽ እንዳለው መናገርም ፍትሕ ነው። የለንደን ሚኒስትር የነበሩት መርሊን ሪስ አካባቢውን የሽፍታ አገር ብለው ጠሩት፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። በዚያ አካባቢ የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር፣ በአጭሩ አይ.አር.ኤ፣ ከመቶ በላይ የእንግሊዝ ወታደሮችን ገድሏል። በማርች 1994 ወደ ክሮስማግሌን ጦር ሰፈር ለማረፍ ዝቅ ያለ ሄሊኮፕተር በሞርታር ተመታ። ከአጥሩ በስተውስጥ ያሉት የ19 እና የ20 ዓመት ወታደሮችም የሚኖሩት በፍርሃት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ኤይዳን ማካነስፒ የተባለ ወጣት በፌብሩዋሪ 1988 በታይሮን አውራጃ ኦክናክሎይ ከሚገኝ የፍተሻ ኬላ እንዳለፈ፣ ወደ ጌሊክ እግር ኳስ ሜዳ ሲሄድ፣ ከማማው በተተኮሰ ጥይት ሞተ። ተኩሱን የከፈተው ወታደር በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል የተፈረደበት በ2022 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ፤ ቅጣቱም በገደብ ታለፈ። የሰሜኑ የጌሊክ ስፖርት ቤተሰብ ጦሩን የሚያየው በዚህ ትዝታ ነው፤ እንዲያየው የሚያስገድደው ምክንያትም አለው።

ክለቡ መሬቱን ለማስመለስ ዓመታት ተከራከረ። ጉዳዩ ከለንደንና ከደብሊን መንግሥታት ጠረጴዛ አልጠፋም። ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ የተወሰደው ይዞታ ተመለሰ፤ በ2007 የጦሩ ዘመቻ በይፋ ሲያበቃ ወታደሮቹ ከደቡብ አርማህ ጠቅልለው ወጡ።

ዓመታቱን ቆጥረን እንይ

ጦር ሰፈሩ ቡድኑን ሠራው የሚለው ሰው እነዚህን ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያያቸው ኖሮ ክርክሩን ይቀንስ ነበር። ክለቡ የአልስተር ክፍለ ሀገር ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በ1996 ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከዚያ ድረስ ያለው ሃያ ምናምን ዓመት፣ ግንቡ ከፍ ያለበት፣ ማማው የተተከለበት፣ ሄሊኮፕተሩ የበዛበት ዘመን ነው። ግፍ ቡድን የሚሠራ ቢሆን መሥራት የነበረበት ያኔ ነው። በአውራጃ ደረጃ ክሮስማግሌን ድሮም ጠንካራ ነበር፤ ከአውራጃው አልፎ ግን የአልስተርን በር መክፈት አልቻለም።

በ1997 የመጀመሪያው የመላው አየርላንድ የክለቦች ዋንጫ መጣ። ከዚያ 1999፣ 2000፣ 2007፣ 2011 እና 2012 ተከተሉ። ከስድስቱ አምስቱ የተገኙት ከሰላም ስምምነቱ በኋላ ነው። ከአሥራ አንዱ የአልስተር ዋንጫዎች አሥሩም እንዲሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት የአየርላንድ ዋንጫዎች ሲገቡ በከተማዋ አንድም የእንግሊዝ ወታደር አልነበረም። የ2012ቱ ድል እንዲያውም ከሁሉም የሰፋ ነው፤ ከጋሪካስል ጋር በተደረገው ድጋሚ ጨዋታ ውጤቱ 2-19 ለ 1-7 ነበር። ቁጣው የተነሳበት ምክንያት ከሄደ አምስት ዓመት ያለፈው ቡድን ተቃራኒውን እንዲህ የሚያፈርሰው በምን ቁጣ ነው?

ሌላም መለኪያ አለ። ጦር ሰፈር የነበረው ክሮስማግሌን ብቻ አይደለም። ፎርክሂል ነበረው፤ ኒውታውንሃሚልተን ነበረው፤ ቤስብሩክማ የሁሉም እናት ነበር። በየኮረብታው ማማ ተተክሎ ነበር። በእነዚያ ከተሞችም ክለብ አለ፤ እነሱም ሄሊኮፕተሩን ሰምተዋል፤ ኬላው ላይ ቆመዋል። የመላው አየርላንድ ዋንጫ ግን ወደ አንዳቸውም አልሄደም። አንድ ምክንያት በአራት ቦታ ኖሮ ውጤቱ በአንዱ ብቻ ከታየ፣ የምክንያቱን ስም ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነው።

በጦርነቱ መሀል አሸንፈዋል ለሚሉ

ከተቃራኒው ወገን የሚቀርበው ጠንካራው ክርክር ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣው በሰላም ዘመን አይደለም። እውነት ነው። የ1994ቱ የአይ.አር.ኤ ተኩስ አቁም በፌብሩዋሪ 1996 ፈርሷል። በፌብሩዋሪ 1997 ቤስብሩክ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር በአነጣጣሪ ተኳሽ ተገደለ፤ ወሩ ተቆጥሮ፣ ማርች 17፣ የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት፣ ክሮስማግሌን የማዮ አውራጃውን ኖክሞርን በደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም አሸነፈ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ ተኳሾቹ ከዚያው አካባቢ ከአንድ እርሻ ቤት ተያዙ። ያ ቡድን የሠለጠነው በጦርነት መሀል ነው ቢባል ማስተባበያ የለኝም። የቡድኑ አስኳል የነበሩት ልጆች በ1970ዎቹ አጋማሽ የተወለዱ ናቸው፤ ሜዳቸውን ያለ ግንብ አይተውት አያውቁም።

ከዚህ ተነስተው ሁለት ነገር ይላሉ። አንዱ፣ መከበቡ ሕዝቡን አስተሳስሯል፤ መዝናኛ በሌለበት፣ ማታ መንገድ በሚያስፈራበት ከተማ ልጆች የሚሄዱበት ቦታ ክለቡ ብቻ ነበር ይላሉ። ይህን በከፊል እቀበላለሁ። የታመቀ ማኅበረሰብ በጎ ፈቃደኛ አያጣም፤ ሜዳ የሚያጭድ፣ ማልያ የሚያጥብ፣ ልጆች በመኪናው የሚያመላልስ ሰው በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን መተሳሰር ትርጉም ይሰጣል እንጂ ኳስ አያስተምርም። ፎርክሂልም ተሳስሮ ነበር።

ሁለተኛው ክርክር የባሰ ነው፤ ተጫዋቾቹ ሜዳ ሲገቡ የሚታያቸው ወታደሩ ነበር የሚለው። በ1999 ፍጻሜ ክሮስማግሌን የማዮውን ባሊና ስቲቨናይትስን የረታው 0-9 ለ 0-8 ነው፤ በአንዲት ነጥብ። በ2000 ደግሞ የደብሊኑን ና ፊያናን አሸነፈ፤ በና ፊያና በኩል የተሰለፈው ኪራን ማክጊኒ የሚባለው ሰው ሥራ ደብሊን የወሰደው የደቡብ አርማህ ልጅ ነበር። ሁሉም ተቃራኒዎች አየርላንዳውያን፣ የአንድ ማኅበር ልጆች ናቸው። በባሊና አጥቂ ላይ የእንግሊዝ ጦር ቁጣ እንዴት ይወጣል?

አፈ ታሪኩ ጉዳትም አድርሷል። ማኅበሩ የእንግሊዝ ወታደሮችና የሰሜን አየርላንድ ፖሊሶች አባሉ እንዳይሆኑ የሚከለክል ደንብ ነበረው፤ ሕግ 21 ይሉታል። በ1998 ይሰረዝ ተብሎ ሲቀርብ አልተሳካም፤ የተሰረዘው በኖቬምበር 2001 ነው፤ ያኔም ከሰሜኑ ስድስት አውራጃዎች መሰረዙን የደገፈው ዳውን ብቻ ነበር። ደንቡ ይቆይ የሚሉት ሰዎች ዘወትር ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ክሮስማግሌን ሜዳ ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ መሬቱ የሰው ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ክለብ ማንነት በግንቡ ብቻ ሲገለጽ፣ ግንቡ እስኪፈርስ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ ክህደት ይመስላል።

ታዲያ ምን ሠራው?

መልሱ እንደ ሄሊኮፕተሩ አይጮህም። የመጀመሪያው ሰው ጆ ከርናን ነው። ከርናን የክሮስማግሌን ልጅ ነው፤ በ1977 የአርማህ አውራጃ ቡድን በመላው አየርላንድ ፍጻሜ ደብሊንን ሲገጥም ሁለት ጎል አግብቷል፤ አርማህ ግን 5-12 ለ 3-6 ተሸነፈ። ሃያ ዓመት ቆይቶ ክለቡን አሠልጥኖ በ1997፣ በ1999 እና በ2000 ሦስት የአየርላንድ ዋንጫ አመጣ። በእጁ የገባውም ሜዳ ላይ አብሮ ያደገ ትውልድ ነበር፤ ጂምና ኦሺን ማኮንቪል ወንድማማቾች ናቸው፤ ጆንና ቶኒ ማከንቲ መንታ ናቸው። ተጫዋች መግዛት በማይቻልበት ስፖርት አንድ ቤት ሁለት ጥሩ ተጫዋች ሲያወጣ ከየትኛውም ስንቅ ይበልጣል። ከርናን ራሱ ቆይቶ ልጆቹን ለክለቡ አበርክቷል።

ከዚያ የክለቡ ዘዴ ወደ አውራጃው ተሻገረ። በ2002 ከርናን አርማህን ይዞ ለፍጻሜ ቀረበ፤ ተጋጣሚው የጨዋታው ንጉሥ ኬሪ ነው። አርማህ በ1953ም በ1977ም እዚህ ደርሶ ባዶ እጁን የተመለሰ ቡድን ነው። እረፍት ሲወጡ ኬሪ በአራት ነጥብ ይመራል፤ ኦሺን ማኮንቪል ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል። ከርናን በመልበሻ ክፍሉ ከ1977 የያዘውን የተሸናፊ መታሰቢያ አውጥቶ አሳያቸውና ከመታጠቢያው ግድግዳ ጋር አጋጨው፤ ተሰባበረ። ልጆቹን ያነሳሳው በምን እንደሆነ አስተውሉ። ያሳያቸው የጥይት ቀለሃ አይደለም፤ የኳስ ሽንፈት ምልክት ነው። ከእረፍት መልስ ያንን ቅጣት ምት የሳተው ማኮንቪል ጎል አገባ፤ አርማህ 1-12 ለ 0-14፣ በአንዲት ነጥብ አሸነፈ። ዋንጫውን የተቀበለው አምበል፣ ከሁለት ዓመት በፊት በና ፊያና ማልያ ክሮስማግሌንን የገጠመው ማክጊኒ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት መተካካት ነው፤ ለእኔ ከከርናንም ይበልጣል። ክሮስማግሌን ከ1996 እስከ 2008 የአርማህን አውራጃ ዋንጫ 13 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። አንድ ትውልድ 13 ዓመት አይቆይም፤ በ1996 የነበረው ቡድንና በ2008 የነበረው ቡድን በአብዛኛው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በ2009 ሌላው የአርማህ ክለብ ፒርስ ኦግ ሰንሰለቱን በጠሰው። በሌላ ክለብ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ክሮስማግሌን ግን በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ እስከ 2015 ስድስት ጊዜ ደገመው። የ2011ና የ2012ቱን ቡድን ያሠለጠኑት ቶኒ ማከንቲና ጋሬዝ ኦኒል ናቸው፤ ማከንቲ በከርናን ሥር የተጫወተው ያው መንታ ነው። ተጫዋቹ አሰልጣኝ ሆኖ ይመለሳል፤ የቡድኑ እውቀት ከሜዳው አይወጣም። ይህን የሠራው በየሳምንቱ ማታ ብርድ ላይ ቆሞ የአሥር ዓመት ሕፃናትን ኳስ አያያዝ የሚያስተምር ስሙ የማይጻፍ ሰው ነው።

ጀግና አድርገን የምንስላቸው ሰዎችም ሰዎች ናቸው። ኦሺን ማኮንቪል በእነዚያ የድል ዓመታት በቁማር ሱስ ተይዞ እንደነበር በ2007 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ራሱ ተናግሯል፤ በኋላም የሱስ አማካሪ ሆነ። ግፍ ያጠነከረው ጀግና የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለ ሕመም ቦታ የለውም፤ ጀግናው ሲጎዳ ዝም እንዲል ነው የሚፈልገው።

ተቃዋሚዎቼ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ያነሳሉ፦ ጦሩ ከወጣ በኋላ ክሮስማግሌን ቀስ በቀስ ደክሞ የለ? ከ2015 ወዲህ የአልስተር ዋንጫ አላነሳም፤ እውነት ነው። ይሁንና ጦሩ በወጣበትና የመጨረሻው የአልስተር ዋንጫ በገባበት መካከል ስምንት ዓመት አለ፤ በዚያ ውስጥ ሁለት የአየርላንድ ዋንጫ አለ። ከ2015 ወዲህ የታየው፣ ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ከተማ በየዓመቱ አሥራ አምስት ምርጥ ወንዶች ልታወጣ እንደማትችል ነው። የሌሎቹ የአርማህ ክለቦች መጠንከርም ድርሻ አለው።

ለማንኛውም ፍርዴን ልስጥ። የእንግሊዝ ጦር ለክሮስማግሌን የሰጠው ነገር ቢኖር የተወሰደ መሬት፣ የተቋረጠ ጨዋታና የዓመታት ክርክር ነው፤ ከስድስቱ ዋንጫዎች በአንዱም ላይ ድርሻ የለውም። በጁላይ 2024 አርማህ ጎልዌይን 1-11 ለ 0-13 አሸንፎ የመላው አየርላንድን ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ አነሳ። አሰልጣኙ ኪራን ማክጊኒ ነበር። ከክሮስማግሌን የተሰለፈው ሪያን ኦኒል ጦሩ ሲወጣ ገና ሕፃን ነበር።